ባዶ ካርቶን የማን ነው?

 

ዛሬ የማወራው ስለ ባዶ ካርቶን ነው። አዎ፣ ስለ ፓስታና ስለ ብስኩት ካርቶን። «ቲቸርን ሙቀቱ ነካው» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ፤ መሃል ላይ የማፍርበትን ነገር ስለምነግራችሁ እሱን ሳታነቡ አትለፉ።

ብዙዎቻችሁ እንደሰማችሁት ዝውውሬ ተፈቅዷል። ከስምንት ዓመት የሰርዶ ኑሮ በኋላ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ልሄድ ነው። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሰመራ፣ ሎጊያ፣ ሚሌ፣ ገዋኔ እያለ ዕቃ ለጫነ መኪና ቀኑን ሙሉ ይበላል። ከደሴ ወደዚህ ስመጣ ንብረቴ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ አንድ ፍራሽና አንድ ባልዲ ነበር። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ መጣ፣ አለቀ። አሁን ግን ሚስት አለችኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ቡፌ ሙሉ ብርጭቆ አለ። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ መጽሐፉ ነው።

የካርቶንን ነገር ያወቅኩት ከአራት ዓመት በፊት እዚሁ ሰርዶ ውስጥ ቤት ስቀይር ነው። አንድ ሱቅ ሄጄ «ወንድም፣ ባዶ ካርቶን ይኖርሃል?» አልኩት። ባለሱቁ ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንዱ ሃያ ብር» አለኝ። ስድስት ገዛሁ። በዓመቱ ልጁ ዘጠነኛ ክፍል እኔ ጋ ገባ። ዘንድሮ ዝውውር ጠይቄ ለማንኛውም ብዬ ካርቶን ፍለጋ ወደዚያው ሱቅ ስሄድ፣ ያው ሰውዬ «ለቲቸርማ!» አለና ዘጠኝ ካርቶን አጣጥፎ ከነሲባጎው በልጁ አሸክሞ ቤቴ ድረስ ላከልኝ። ገንዘብ ባወጣ ሊቆጣኝ ደረሰ።

እኔም ደስ ብሎኝ አልጋ ሥር አስገባሁት። ማታ ተኝቼ ግን አሰብኩ። ካርቶኑ ያው ካርቶን ነው፣ ሱቁም ያው ሱቅ፣ ሰውዬውም ያው ሰውዬ። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሁን ያውቀኛል። ስለዚህ ባዶ ካርቶን ነፃ የሚሆነው ለታወቀ ሰው ነው። ላልታወቀ ሰው ወይ በብር ነው፣ ወይ «የለም» ነው።

ችግሩ ደግሞ ካርቶን አጥብቆ የሚፈልገው ያ ያልታወቀው ሰው መሆኑ ነው። አዲስ የተመደበ አስተማሪ፣ አዲስ የመጣች ነርስ፣ አከራይ «ቤቱን እፈልገዋለሁ» ያለው ተከራይ። የሚያውቀው ሰው ያለውማ ካርቶን ብቻ አይደለም፣ መኪናም ተሸካሚም አያጣም።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ።

ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ የመጣች አንዲት ወጣት መምህርት አለች። ከጎጃም ነው የመጣችው፤ እዚህ አገር ዘመድ የላትም። አከራይዋ በአምስት ቀን ውስጥ ልቀቂ አሏት። ቤት እንደምንም አገኘች። ካርቶን ፍለጋ ሦስት ሱቅ ዞረች፣ ሦስቱም «የለም» አሏት። ከሦስቱ በአንዱ ጀርባ በዚያው ሳምንት የካርቶን ክምር ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ። ስታፍ ውስጥ አጠገቤ ቁጭ ብላ «መምህር፣ እዚህ አገር ካርቶን የሚባል ነገር የለም እንዴ?» ስትል ሰምቻታለሁ። እኔም «ይገኛል፣ ይገኛል» አልኳት።

ዘጠኙ ካርቶን አልጋዬ ሥር ነበር።

አልሰጠኋትም። የዝውውር ደብዳቤዬ ገና አልደረሰም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ፈጅቷል። ለራሴ «ድንገት ከመጣስ?» አልኩ። እሷ ዕቃዋን በአንሶላ ቋጥራ፣ መጽሐፎቿን በጨው ማዳበሪያ ከታ፣ በጋሪ ጭና ገባች። እናቷ ሲሸኟት የሰጧት ስድስት ስኒዎች ነበሩ፤ አራቱ ተሰበሩ። የጀበናዋም አንገት ሄደ። ከሳምንት በኋላ እኔና ባለቤቴን ቡና ጠራችን። በተረፉት ሁለት ስኒዎች ለእኛ ቀዳችልን፣ እሷ በብርጭቆ ጠጣች። ባለቤቴ ስለ ስኒዎቹ ስትጠይቃት «ምንም አይደል፣ ስኒ አይደል እንዴ» ብላ ሳቀች። እኔ ያን ቡና እንዴት እንደጠጣሁት እኔና እግዜር እናውቃለን።

እና ይህን ጽሑፍ ባለሱቆችን ለመውቀስ ብቻ አይደለም የጻፍኩት። መጀመሪያ ራሴን ነው የምወቅሰው።

ሰርዶ ደግሞ ቤት መልቀቅ ምን እንደሆነ የማታውቅ ከተማ አይደለችም። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የድሮዋን ሰርዶ አፍርሷታል፣ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። ዛሬ የምንኖርባት ሰርዶ ከዚያ በኋላ የቆመች ናት። በ2017 ዓ.ም ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል ምድር በየቀኑ ስትንቀጠቀጥ ስንቱ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። እንደዚያ ባለ ቀን ማንም ካርቶን አይፈልግም፤ እጁ የደረሰበትን ይዞ ይወጣል። ሰላማዊ ዝውውር ግን የመንቀጥቀጥ ቀን መምሰል የለበትም። አምስት ቀን አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ሱቅ አለ።

በቤት ዝውውር ነገር እዚህ አገር አስተማሪዎቻችን የአፋር እናቶች ናቸው። ዳቦይታውን የምትሠራውም የምታፈርሰውም ሴቷ ናት። ምንጣፉ ይጠቀለላል፣ የጎበጡት እንጨቶች ይታሰራሉ፣ የወተቱ ዕቃ ቦታ አለው፣ ሁሉም ግመል ላይ ይጫናል። አንድ ጊዜ የተማሪዬ አያት እኔ ቤት ስቀይር በር ላይ የተከመረውን ዕቃ አይተው በልጃቸው አስተርጓሚነት «ይሄ ሁሉ ማሰሪያ የሌለው ዕቃ ምን ይሠራልሃል?» አሉኝ። ስቄ ዝም አልኩ። ነገሩ ግን እውነት ነው። እሳቸው ዕቃ ሲይዙ እንዴት እንደሚጫን አብረው ያስባሉ። እኛ ዕቃ እንገዛለን፣ ካርቶኑን በዚያው ቀን እንጥላለን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ካርቶን ፍለጋ እንዞራለን።

እዚህ ላይ «ካርቶን እኮ ቆሻሻ አይደለም፣ የሚጠቀምበት አለ» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ እኔም አምናለሁ። ካርቶን ለቅመው የሚሸጡ ልጆች አሉ። እሳት የሚያቀጣጥሉበት እናቶች አሉ። ከጅቡቲ የሚመጡት ሾፌሮችና ረዳቶች መኪናው ሥር አንጥፈው ያርፉበታል። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ቤት ሲቀይር ካርቶኑን መርካቶ ሄዶ በገንዘብ ነው የገዛው። ስለዚህ «በነፃ ስጡኝ» ስንል ከማን እጅ እንደምንወስድ እንወቅ። ልጅ ለቅሞ ያመጣው ከሆነ ድካሙን ክፈሉት፣ አትከራከሩት። ባለሱቁ ሊያቃጥለው ከሆነ ግን ያለ ሐፍረት ጠይቁ። ባዶ ካርቶን መጠየቅ ልመና አይደለም።

አሁን ለሚለቅ ሰው የሚጠቅም፣ ከሦስት ጊዜ ዝውውር የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ሱቅ የምትሄዱት ዕቃ በሚገባበት ቀን ይሁን። ባለሱቁ ካርቶን የሚከፍተው ያኔ ነው፤ በማግስቱ ሄዳችሁ «የለም» ቢላችሁ ምናልባት እውነቱን ነው። ከአንድ ቀን በፊት ነግራችሁ፣ ማታ ሱቅ ሲዘጋ ሄዳችሁ አንሱለት። ቦታ ስለምታስለቅቁለት እሱም ይጠቀማል። መድኃኒት ቤትም ጠይቁ፤ ካርቶናቸው ትንሽ፣ ንጹሕና ጠንካራ ነው፣ ለስኒና ለብርጭቆ የተሠራ ነው የሚመስለው። የቢራና የለስላሳ ሳጥን ግን አትንኩ፤ ተመላሽ ነው፣ ባለሆቴሉን ታስከፍሉታላችሁ።

ለመጽሐፍ ከኤ ፎር ወረቀት ካርቶን የሚበልጥ የለም። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ሒሳቡን ልሥራላችሁ። አንድ መደበኛ ወረቀት 5 ግራም ይመዝናል፣ አንድ እሽግ 500 ወረቀት ነው፣ አንድ ካርቶን ውስጥ 5 እሽግ አለ። ይህ 12 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ካርቶኑ የተሠራው ለዚያ ክብደት ነው፣ አንድ ሰውም ያነሳዋል። መጽሐፍን በትልቅ ካርቶን የሞላ ሰው ግን ወገቡን ወይም ካርቶኑን ይሰብራል።

የካርቶን ጉልበት መሃሉ ላይ ካለው ሞገድ ወረቀት ነው የሚመጣው። ለዕቃ ማሸጊያነት መጀመሪያ የተፈለገውም ለስባሪ ዕቃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1871 አልበርት ጆንስ የሚባል አሜሪካዊ የፈጠራ መብት ሲያወጣበት ለጠርሙስና ለፋኖስ መስታወት መጠቅለያ ብሎ ነው። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ክብደት ይሸከማል፣ ካርቶኑን በጎኑ ስታስተኙት ይደክማል። የዘይት ካርቶን ከሆነ ሥሩን እዩ፤ ዘይት የነካው ቦታ ይቀደዳል። ሳሙና የነበረበት ውስጥ በርበሬና ሽሮ አትክተቱ። የምግብ ካርቶን በረሮ ይዞ ይመጣልና ጠዋት ከፍታችሁ ፀሐይ ላይ አውጡት፣ አራግፉት። ፀሐይ ደግሞ ሰርዶ ላይ ሞልቷል፣ እሱን ማንም በብር አልሸጠንም።

ፕላስተር አትመኑ። በእኛ ሙቀትና አቧራ ሙጫው ይለቃል፣ ሚሌ ሳትደርሱ ካርቶኑ አፉን ይከፍታል። በሲባጎ መስቀለኛ እሰሩት። የአፍዴራ ጨው የመጣበትን ማዳበሪያ ለመጽሐፍም ለብረት ዕቃም አትጠቀሙ፤ ጨው እርጥበት ይስባል፣ ወረቀቱን ያረጥባል፣ ብረቱን ያዝጋል። የዚያች መምህርት መጽሐፎች የደረሰባቸው ይኸው ነው።

አሁን ሐሳቤን ልናገር። ባለፈው ሳምንት ለርዕሰ መምህራችን አቅርቤዋለሁ፣ አልተቃወሙም። ትምህርት ቤታችን በየሴሚስተሩ የወረቀትና የጠመኔ ካርቶን ይከፍታል፣ ሁሉም ይጣላል። ስቶር ውስጥ አንድ ጥግ ይሰጠንና ተጣጥፎ ይቀመጥ። ቤት የሚቀይር አስተማሪም፣ የተማሪ ወላጅም፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛም መጥቶ ይውሰድ። ማን ነህ፣ የማን ዘመድ ነህ አይባል። ደንቡ አንድ ነው፤ ዕቃህን ከፈታህ በኋላ ያልተቀደደውን አጣጥፈህ መልስ፣ ወይም ቀጥሎ ለሚለቅ ስጥ። ኮሚቴ አያስፈልገውም፣ በጀት አያስፈልገውም፣ ማኅተም አያስፈልገውም። ሰመራና ሎጊያ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አሁን ሱቅ የከፈታችሁም መሥሪያ ቤት የገባችሁም አላችሁ። እናንተ ጋ ተከራይ ይበዛል፣ የሚለቀውም ይበዛል። አንድ ጥግ አይጠፋም።

ባለሱቆች ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። ከማቃጠላችሁ በፊት አንድ ቀን አቆዩት። የማታውቁት ሰው መጥቶ ካርቶን ሲጠይቃችሁ ደግሞ ያ ሰው ነገ የልጃችሁ አስተማሪ ወይም ሌሊት በር የምታንኳኩባት ነርስ ልትሆን እንደምትችል አስቡ። ባትሆንም ስጧት።

ዘጠኙ ካርቶን ዛሬ ከአልጋ ሥር ወጥቷል። ባለቤቴ ብርጭቆውን በጋዜጣ እየጠቀለለች ነው፣ ልጆቹ አንዱን ካርቶን መኪና አድርገውታል። ለዚያች መምህርት ስድስት ስኒ ከሎጊያ አስመጥቼ በአንደኛው ካርቶን ውስጥ በገለባ ሰጥቻታለሁ። የእናቷ ስኒ እንደማይሆን አውቃለሁ። ምንም ሳልደብቅ ካርቶኑ አልጋዬ ሥር እንደነበረ ነግሬያታለሁ። ትንሽ ዝም አለችና «አሁን ይሄ ካርቶን የኔ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ግድግዳው ጥግ አጣጥፋ አስቀመጠችው።

ስምንቱን አዋሽ ሰባት ኪሎ ዕቃዬን እንደፈታሁ መልሼ እልካለሁ። ወደ ጅቡቲ ባዶውን የሚወርድ መኪና አይጠፋም፣ የተጣጠፈ ካርቶን ደግሞ ቦታ አይዝም። ሰርዶ ያላችሁ ተማሪዎቼ ተቀበሉና ስቶር አስገቡልኝ። ቀጥሎ የሚለቀው ማን እንደሆነ እንጃ። ማንም ይሁን፣ ካርቶን የለም እንዳይባል።

ሰላም ሁኑልኝ። የሰርዶን ውለታ አልረሳም።