አዲስ አፈሙዝ ይሟሻልን? ስለ ልማድ፣ ስለ ማስረጃና ስለሚባክን ጥይት

በሐይቅና በአምባሰል አዲስ ምጣድ ከገበያ ሲመጣ ወዲያውኑ እንጀራ አይጋገርበትም። በእሳት ይግላል፣ የጎመን ዘር ይነሰነስበታል፣ በማሰሻ ደጋግሞ ይታሻል። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይይዛል፤ የተሟሸው ይለቃል። ልማዱ ምክንያት አለው፤ የዘሩ ቅባት የሸክላውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናል፣ ገጹንም ያለሰልሳል። በጠመንጃ ባለቤቶችና በውድድር ተኳሾች ዘንድም በብዙ አገር የሚነገር ተመሳሳይ ምክር አለ፤ አዲስ አፈሙዝ በሥርዓት ካልተሟሸ ኢላማውን በትክክል አይመታም ይባላል። ይህ ጽሑፍ ምክሩ በበቂ ማስረጃ እንዳልተደገፈ፣ ጥይት ውድ በሆነበትና መንደር ከመንደር በተቀራረበበት አካባቢ ደግሞ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ይሞግታል።

የምክሩ መነሻ

የተለመደው ሥርዓት እንዲህ ነው፦ አንድ ጥይት ይተኮሳል፣ አፈሙዙ እስኪጠራ ይወለወላል፤ ይህ ከአምስት እስከ አሥር ጊዜ ይደገማል። ቀጥሎ በየሦስቱ ወይም በየአምስቱ ጥይት ይወለወላል። በጠቅላላው ከ20 እስከ 50 ጥይት ሊወስድ ይችላል። የሚሰጠው ምክንያትም ፍጹም መሠረት የለሽ አይደለም። የጥይቱ መቀመጫ በመቅረጫ መሣሪያ ሲቦረቦር፣ መቀመጫው ከአፈሙዙ ጥምዝ ቦዮች ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ጥቃቅን ጭረቶች ይቀራሉ። እነዚህ ጭረቶች ከአረሩ የመዳብ ልባስ እየፋቁ በውስጠኛው ገጽ ላይ ያስቀራሉ። መዳቡ በየጊዜው ከተጠረገ ተከታዩ ጥይት ጭረቱን ራሱን ያለሰልሳል የሚል ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ወደ መደምደሚያው ሲታለፍ ነው። በመጀመሪያ፣ መዳብ ከብረት እጅግ የለሰለሰ ነው። ያንን ስፍራ በዋናነት የሚበላው አረሩ ሳይሆን ከኋላው የሚመጣው እጅግ የጋለና ከፍተኛ ግፊት ያለው የባሩድ ጋዝ ነው፤ እርሱም አፈሙዙ በመሐሉ ተወለወለም አልተወለወለም ሥራውን ይሠራል። ሁለተኛ፣ የክላሽንኮቭ ዓይነት ጠመንጃዎች አብዛኞቹ የአፈሙዛቸው ውስጥ በክሮም የተለበጠ ነው። ክሮም ከብረቱም የጠነከረ በመሆኑ በመዳብ ልባስ ይለሰልሳል ማለት አስቸጋሪ ነው። ሦስተኛ፣ ጥሩ የውድድር አፈሙዝ የሚሠሩ ባለሙያዎች ገጹን በእጅ ስለሚያለሰልሱት ለተኳሹ የሚተርፍ ሥራ ጥቂት ነው።

አዲስ ሞተርን ለምሳሌ ማንሳት የተለመደ ነው። አዲስ ባጃጅ የገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሳያስጨንቅ እንዲነዳ ይመከራል፤ የፒስተኑ ቀለበቶችና ሲሊንደሩ እየተፋተጉ አንዱ ለሌላው ስለሚመቻች ነው። ነገር ግን ሁለቱ አብረው የሚኖሩ ገጾች ናቸው። አረር በአፈሙዝ ውስጥ የሚቆየው ከሰከንድ አንድ ሺኛ እምብዛም ለማይበልጥ ጊዜ ነው፤ አልፎም አይመለስም። ስለዚህ ምጣዱም ሞተሩም ለአፈሙዙ ምስክር ሊሆኑ አይችሉም።

የአካባቢው ታሪክ

የጠመንጃ ነገር ለአምባሰል እንግዳ አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ ይታወቅ እንጂ፣ ለምኒልክ የሚመጣ የጦር መሣሪያ በምጽዋ በኩል እንዲያልፍ የሚፈቅድ አንቀጽም ነበረው። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ በስፋት የታወቀው ውጅግራ፣ ማለትም በ1874 እ.ኤ.አ. የተሠራው የፈረንሳዮች ግራ ጠመንጃ፣ 11 ሚሊ ሜትር የእርሳስ አረር በጥቁር ባሩድ ይተኩስ ነበር። አረሩ የመዳብ ልባስ ስላልነበረው ዛሬ የሚነገረው የመዳብ ዝቃጭ ጉዳይ ለውጅግራ አይነሣም ነበር። ጭስ አልባ ባሩድና ልባስ ያለው አረር በጦር ሠራዊት መሣሪያነት መስፋፋት የጀመሩት በ1886 እ.ኤ.አ. ለበን ከተሠራ በኋላ ነው። ከዚህም በላይ፣ ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ ጠመንጃ ላይ የሚሟሽ አዲስ ገጽ የለም። ጥያቄው ትርጉም የሚኖረው አዲስ አፈሙዝ ለሚደርሰው ሰው ብቻ ነው።

ማስረጃው ለምን አይበቃም?

የምክሩ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ማስረጃ በአብዛኛው የግል ምስክርነት ነው፦ «አሟሸሁት፣ አሁን በደንብ ይመታል»። ነገር ግን አንድ አፈሙዝ አዲስ የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባይሟሽ ኖሮ እንዴት ይመታ እንደነበር ባለቤቱ ሊያውቅ አይችልም። በእነዚያ 50 ጥይቶች ውስጥ ተኳሹም ራሱ ቃታውን፣ ማነጣጠሪያውንና የጠመንጃውን ግፊት ይለማመዳል። ምናልባት የተሟሸው ሰውየው ነው።

ሌላው ችግር የናሙና ማነስ ነው። ብዙዎች ለውጡን የሚለኩት ሦስት ሦስት ጥይት ተኩሰው በምቶቹ መካከል ያለውን ሰፊ ርቀት በማወዳደር ነው። በስታቲስቲክስ ሒሳብ ግን፣ የምቶቹ መበተን መደበኛ ሥርጭትን ከተከተለ፣ ጠመንጃው ምንም ሳይለወጥ የሦስት ጥይት ስፋት ከአማካዩ 37 በመቶ ያህል መደበኛ ልይይት አለው። በአምስት ጥይት 27፣ በአሥር ጥይት ደግሞ 19 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ዛሬ ስድስት ሳንቲ ሜትር የነበረ የሦስት ጥይት ስፋት ነገ ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በአጋጣሚ ብቻ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። ይህንን «መሻሻል» ብሎ መመዝገብ ዝናብን በአንድ ቀን ደመና እንደመተንበይ ነው።

በሚዛናዊነት መታየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ሻካራ አፈሙዝ ከጥቂት ጥይቶች በኋላ ለመወልወል ሊቀል ይችላል። ሁለተኛ፣ ልምድ ያላቸው የውድድር ተኳሾች በአዲስ አፈሙዝ የአረሩ ፍጥነት በመጀመሪያዎቹ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ጥይቶች ጥቂት እንደሚጨምር ይመሰክራሉ። ይህ እውነት ቢሆን ማነጣጠሪያውን እንደገና ማስተካከልን ይጠይቃል። ለመወልወል መቅለልም ሆነ የፍጥነት መጨመር ግን ከትክክለኛነት ጋር አንድ አይደለም፤ በየጥይቱ መወልወልንም አስፈላጊ አያደርገውም።

ጉዳቱ የት ነው?

በየጥይቱ መወልወል በራሱ ከአደጋ ነጻ አይደለም። የብረት መወልወያ ዘንግ ከአፉ በኩል በተደጋጋሚ ሲገባ አረሩ የሚለቀቅበትን ጠርዝ ሊፍቀው ይችላል፤ የዚያ ጠርዝ እኩልነት ደግሞ ለትክክለኛነት እጅግ ወሳኝ ነው። ሁለተኛው ጉዳት የሕይወት ነው። ከክላሽንኮቭ የተተኮሰ አረር ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። በሐይቁ ዙሪያ፣ ሰው፣ ከብትና ማሳ በተቀራረቡበት ስፍራ፣ ለማሟሸት ተብሎ የሚተኮስ 50 ጥይት ባዶ ቦታ ላይ ያርፋል ብሎ ማሰብ አይቻልም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያን በቁጥጥር ሥር ያደረገውም የሌላውን ሰው ደኅንነት ለመጠበቅ ነው።

በአንጻሩ በእርግጥ ትኩረት የሚሻው ጥንቃቄ ብዙም አይወራለትም። በቀድሞው የምሥራቅ ጎራ አገሮች የተሠሩ ብዙ አሮጌ ጥይቶች በማቀጣጠያቸው ውስጥ የፖታስየም ክሎሬት አላቸው። ይህ ሲቃጠል ከገበታ ጨው ጋር የሚመሳሰል፣ እርጥበት የሚስብ ጨው በአፈሙዙ ውስጥ ይተዋል። ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ ውኃ ነው የሚያሟሟው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥይት የተተኮሰበት አፈሙዝ በዚያው ቀን በውኃ ታጥቦ፣ በሚገባ ደርቆ፣ ከዚያ ዘይት ሊቀባ ይገባል። በክረምቱ እርጥበት ይህን የዘነጋ ሰው አፈሙዙን በዝገት ያጣዋል፤ ያንን ደግሞ የትኛውም ማሟሸት አይመልሰውም።

ማጠቃለያ

ጥያቄው በክርክር ብቻ አይዘጋም፤ በሙከራ ግን ሊዘጋ ይችላል። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ የወጡ ቢያንስ 20 አፈሙዞች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ተሟሽተው ግማሾቹ ሳይሟሹ፣ በቋሚ መያዣ ታስረው፣ ከአንድ ምርት በመጡ ጥይቶች ቢተኮሱና ውጤቱን የትኛው የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ሰው ቢለካ፣ ከብዙ ምስክርነት የበለጠ ይናገራል። የገጹን ሸካራነት ከተኩስ በፊትና በኋላ መለካት ደግሞ ለቁሳቁስ ምሕንድስና ተማሪ የሚመጥን ሥራ ነው። እስከዚያው ድረስ የማስረዳት ሸክሙ «ይሟሻል» በሚለው ወገን ላይ ይቆያል። አዲስ አፈሙዝ የደረሰው ሰው ከፋብሪካ የቀረውን ቅባት ይጥረግ፣ በተፈቀደ ስፍራ ማነጣጠሪያውን ያስተካክል፣ ከተኮሰም በኋላ በሚገባ ያጽዳ፤ የቀረውን ጥይት ይቆጥብ።