የገዛነው ላፕቶፕ የማን ነው?

በጃንዋሪ 15 ቀን 2008 ስቲቭ ጆብስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በአንድ መድረክ ላይ ቆሞ አንድ ተራ የቢሮ ፖስታ አነሣ። የኛ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ የሚያመላልሱበት ዓይነት ቡናማ ፖስታ ነው። ከውስጡ ላፕቶፕ መዝዞ ሲያወጣ አዳራሹ በጭብጨባ ደመቀ። ማክቡክ ኤር የተባለው ይህ ኮምፒዩተር ክብደቱ 1.36 ኪሎ ግራም፣ ውፍረቱ በስሱ ጫፍ 4 ሚሊ ሜትር፣ በወፍራሙ ደግሞ 19.4 ሚሊ ሜትር ነበር። ዋጋው 1,799 ዶላር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዘመናት፣ የራሳችንን ሕግ ካላነሣሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያን ዕለት ሰው ያጨበጨበው ስለተጨመረው ነገር አልነበረም፤ ስለተቀነሰው ነው። የሲዲ ማጫወቻው የለም። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያው የለም። ዩኤስቢ አንድ ብቻ ነው። ባትሪው እንደ ድሮው ተጠቃሚው ራሱ ነቅሎ የሚቀይረው አልሆነም። ሜሞሪውም ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ በመሆኑ፣ 2 ጊጋ ባይት ይዞ የተወለደ 2 ጊጋ ባይት ይዞ እስከ መቃብሩ ይሄዳል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ነገሮች ማንም ሰው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ያያቸዋል። የኋለኞቹን ሁለቱን ግን ገዢው የሚያውቃቸው ከዓመታት በኋላ፣ ዕቃው ሲያረጅ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እነዚህ ስለ ኋለኞቹ ነው።

እኔ ያጠናሁት ሕግ እንጂ ምህንድስና አይደለም። ስለዚህ ነገሩን የማየው በውል ዓይን ነው፤ ገዢው ምን ያህል ከፈለ? ምን ተቀበለ? የተቀበለው ነገር በእርግጥ የእሱ ነው ወይ?

በመጀመሪያ ግን ለሚገባው የሚገባውን መስጠት ተገቢ ነው። በ2008 መጨረሻ ላይ ይህ ኩባንያ የላፕቶፑን አካል ከአንድ ወጥ የአልሙኒየም ብሎክ ጠርቦ ማውጣት ሲጀምር፣ ሌሎች አምራቾች በፕላስቲክና በብዙ ብሎን የሚያያይዙትን ነገር በአንድ አካል ጨርሶታል። በ2006 ያመጣው በማግኔት የሚጣበቅ የቻርጀር ገመድም ቢሆን የቤትን ኑሮ በሚያውቅ ሰው የተሠራ ይመስላል። ልጅ ገመዱን ረግጦ ቢያልፍ ገመዱ ይለቃል እንጂ ኮምፒዩተሩ መሬት አይወርድም። በ2020 የወጣው፣ ኤም 1 የተባለውን የራሱን ቺፕ የያዘው ማክቡክ ኤር ደግሞ ጭራሽ ፋን የለውም። አቧራ የሚስብ ነገር የለም፤ የሚጮህም የለም። ኩባንያው ቪዲዮ ሲያጫውት እስከ 18 ሰዓት ይቆያል ያለለት ባትሪ ይዞ 999 ዶላር ነበር የተሸጠው። መብራት በሚሄድበት አገር ለሚኖር ሰው ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። እናም አንባቢዬ ይህን ጽሑፍ የአንድን ዕቃ ስም ለማጥፋት የተጻፈ አድርጎ እንዳይወስድብኝ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ስስነት ራሱን የቻለ ግብ ሲሆን ዋጋውን የሚከፍል ሰው ይኖራል። ማን እንደከፈለ በግልጽ የታየው በኪቦርዱ ታሪክ ነው።

በ2015 ኩባንያው ባለ 12 ኢንች ማክቡክ ሲያወጣ፣ ላፕቶፖች ለብዙ ዓመታት የተጠቀሙበትን፣ እንደ መቀስ የተጠላለፈ የቁልፍ መደገፊያ ትቶ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የሚዘረጋ አዲስ ዓይነት አስገባ። ምክንያቱ ቦታ ነው፤ ቢራቢሮው ከመቀሱ ይሳሳል። በቀጣዩ ዓመት ውድ ወደሆነው ማክቡክ ፕሮም ተዛመተ። ብዙም ሳይቆይ ግን ቁልፎቹ መንከስ ጀመሩ። አንድ የዳቦ ፍርፋሪ ወይም ትንሽ አቧራ ከሥር ከገባ ፊደሉ ወይ አይጻፍም፣ ወይ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። በ2019 የዎል ስትሪት ጆርናል ዓምደኛዋ ጆአና ስተርን አንድ ጽሑፏን፣ ላፕቶፗ እምቢ ያላትን «ኢ» እና «አር» የተባሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት እየገደፈች አሳተመችው። ከዚያ የተሻለ የክስ ማመልከቻ እኔ አላነበብኩም።

እዚህ ላይ ዲዛይኑና ሕጉ ይገናኛሉ። በድሮ ላፕቶፕ ኪቦርድ ሲበላሽ ጥቂት ብሎን ተፈትቶ ኪቦርዱ ብቻ ይቀየራል። በዚህኛው ግን ኪቦርዱ ከላይኛው የአልሙኒየም አካል ጋር ተያይዟል፤ ባትሪው ደግሞ በዚያው አካል ላይ በማጣበቂያ ተለጥፏል። ስለዚህ አንድ ፊደል ሲነክስ የሚቀየረው አንድ ፊደል ሳይሆን ግማሽ ኮምፒዩተር ነው። ዋስትናው ያለቀበት ሰው ሒሳቡን ከኪሱ ይከፍላል።

በሜይ 2018 ተጠቃሚዎች በካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት የቡድን ክስ መሠረቱ። በቀጣዩ ወር ኩባንያው፣ ከተገዙ አራት ዓመት ያልሞላቸውን ላፕቶፖች ኪቦርድ በነጻ እንደሚጠግን አስታወቀ። በኖቬምበር 2019 ባወጣው ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ወደ መቀሱ ተመለሰ። በ2022 ደግሞ ጥፋት መፈጸሙን ሳያምን፣ ክሱን በ50 ሚሊዮን ዶላር ለመዝጋት ተስማማ። ላይኛው አካል ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የተቀየረለት ሰው እስከ 395 ዶላር፣ አንድ ጊዜ የተቀየረለት እስከ 125፣ የቁልፍ ክዳን ብቻ የተቀየረለት እስከ 50 ዶላር እንዲያገኝ ሆነ።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። ክሱ የሸፈነው በሰባት ግዛቶች የገዙ ሰዎችን ነው፤ ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ፍሎሪዳ፣ ኢሊኖይ፣ ሚሺገን፣ ኒው ጀርሲና ዋሽንግተን ግዛት። እንግዲህ ሲያትል ወይም ሎስ አንጀለስ የገዛ ወገናችን ሊካተት ይችል ነበር፤ ብዙ ሐበሻ በሚኖርባቸው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ገዝቶ የተቸገረው ግን ከስምምነቱ ውጪ ነው። ያው ዕቃ፣ ያው ጉድለት፣ ያው ዋጋ፤ ልዩነቱ ደረሰኙ የተቆረጠበት ከተማ ነው። ከዚያ ለወንድሟ ልጅ ትምህርት ብላ ወደ አዲስ አበባ የላከችውማ ከነጭራሹ አልታሰበችም።

ወደ ሜሞሪው ልመለስ፤ ምክንያቱም ኪቦርዱ ስሕተት ነበር፣ ታረመም። ሜሞሪው ግን ሆን ተብሎ የተያዘ ፖሊሲ ነው። በ2012 የወጣው ሬቲና የተባለ ስክሪን ያለው ማክቡክ ፕሮ ሜሞሪው ተበይዶ፣ ባትሪው ተለጥፎ ሲመጣ፣ ዕቃዎችን እየፈታ ለጥገና ምቹነታቸው ነጥብ የሚሰጠው አይፊክስት ከ10 የሰጠው 1 ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2010 የታችኛውን ክዳን የሚይዙት ብሎኖች ሳይቀር ባለ አምስት ቅጠል ሆነው መጥተዋል፤ ሠፈር ውስጥ ያለ ካቻቪቴ እንዳይገባባቸው። ብሎን እንኳን የሚናገረው ነገር አለው።

በኋላ ማከማቻውም ተበየደ። ውጤቱ ይህ ነው፤ በ2020ው ማክቡክ ኤር ከ8 ጊጋ ባይት ወደ 16 ከፍ ለማለት የሚጠየቀው ተጨማሪ 200 ዶላር ነበር፤ ያውም በሚገዛበት ቀን ብቻ። ነገ ልጨምር ማለት የለም። ገዢው ገና ሳይጠቀምበት፣ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ምን እንደሚያስፈልገው መገመት ይጠበቅበታል። ሻጩ ብቻውን የሚሸጠው ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሚቆረጥ ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም።

የኩባንያው ደጋፊዎች መልስ አላቸው፣ ቀላል መልስም አይደለም። ሜሞሪው ከቺፑ ጎን ሲቀመጥ መረጃ የሚጓዝበት መንገድ ያጥራል፣ ፍጥነት ይጨምራል፣ ኃይል ይቆጠባል፤ ዋናው ማስሊያና የሥዕል ክፍሉም አንዱን ሜሞሪ በጋራ ይጠቀማሉ ይላሉ። እውነት ነው። በ2020 የተቋቋመውና ባለቤቱ ራሱ ፈትቶ የሚጠግነው ላፕቶፕ በመሥራት የታወቀው ፍሬምወርክ እንኳን፣ በ2025 ባወጣው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር፣ የመረጠው የኤኤምዲ ቺፕ ስላስገደደው ሜሞሪውን በይዶ ነው ያቀረበው። ሌላም ይሉኛል፤ አብዛኛው ሰው ላፕቶፑን ከፍቶ አያውቅም፣ አይከፍትምም። ይህም እውነት ነው።

የመጀመሪያውን በሌላ እውነት እመልሳለሁ። በ2024 ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ 1 በተባለው ውድ ላፕቶፑ፣ ፈጣንና ኃይል ቆጣቢ ሆኖም በብሎን የሚነቀል አዲስ ዓይነት ሜሞሪ አስገብቷል። ሊቃውንቱ ሲፈልጉ መንገድ ያገኛሉ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ደግሞ ያው ባለ 200 ዶላሩ ኩባንያ የማክቡክ ኤር መነሻ ሜሞሪን ከ8 ወደ 16 ጊጋ ባይት ሲያሳድግ መነሻ ዋጋው 999 ዶላር ላይ እንዳለ ቀረ። ትናንት 200 ዶላር የነበረው ነገር ዛሬ በነጻ ከመጣ፣ የትናንቱ ዋጋ የፊዚክስ ጉዳይ ነበር ብሎ ለመሟገት ጥሩ ጠበቃ ያስፈልጋል።

ሁለተኛውን በተመለከተ፣ ቤቱን ራሱ የማይጠግን ሰው ግንበኛ የመጥራት መብቱን አላጣም። ጥያቄው እኔ ልክፈተው አይደለም፤ የመረጥኩት ባለሙያ ይክፈትልኝ ነው።

ሕግ አውጪዎች ዘግይተውም ቢሆን ይህን ተረድተዋል። ኒው ዮርክ በዲሴምበር 2022 የመጠገን መብት ሕግ አወጣች። ካሊፎርኒያ በ2023 ተከትላ፣ ዋጋቸው 100 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆኑ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች አምራቾች፣ ሞዴሉ መመረት ካቆመ በኋላ ለሰባት ዓመት መለዋወጫ፣ መሣሪያና የጥገና መመሪያ እንዲያቀርቡ አዘዘች። ለዓመታት ይህን ዓይነቱን ሕግ ሲቃወም የኖረው የማክቡክ አምራች የካሊፎርኒያውን እደግፋለሁ ብሎ ደብዳቤ መጻፉ ሲታይ ነፋሱ ወዴት እንደዞረ ይገባል። ኦሪገን በ2024 አንድ እርምጃ ገፋች፤ አምራቾች መለዋወጫን ከዕቃው ጋር በሶፍትዌር እያቆራኙ፣ ሌላ ሰው ሲቀይረው እንዳይሠራ ማድረጋቸውን ከለከለች።

አውሮፓ ላይ ነገሩ የተዘበራረቀ ነው። በ2024 የወጣው የጥገና መመሪያ ልብስ ማጠቢያውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ስልኩንና ታብሌቱን ሲዘረዝር ላፕቶፕን አልጨመረም! በሌላ በኩል የባትሪ ደንቡ፣ የተንቀሳቃሽ ዕቃ ባትሪ ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 አንሥቶ በተጠቃሚው እጅ ሊወጣና ሊቀየር የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል። የጋራ ቻርጀር ሕጉም ለላፕቶፕ የተቆረጠለት ቀን ኤፕሪል 28 ቀን 2026 ነው። ብራስልስ የተወሰነው ደግሞ ብራስልስ አይቀርም፤ ፋብሪካ ለሁለት ገበያ ሁለት ዓይነት አካል ማምረት አይወድም። እኔ ተስፋ የማደርገው ከኩባንያዎች ቸርነት ይልቅ ይህን ነው።

እኛስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1204 ባለሀብትነትን በአንድ ግዙፍ ነገር ላይ ሊኖር ከሚችለው መብት ሁሉ የሰፋው አድርጎ ይቆጥረዋል። ተማሪ ሳለን ይህን ስናነብ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ቤት፣ በሬ፣ መኪና ነበር። በሬው ሲታመም ሐኪም የሚመርጠው ባለቤቱ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ወር ደመወዝ ከፍሎ ላፕቶፕ የገዛ ሰው፣ ዕቃውን መሸጥና መስበር ሲችል በሙሉ አቅሙ ማስጠገን አይችልም። አፕል ለደንበኞች መለዋወጫና መመሪያ የሚሸጥበት አገልግሎት ለማክቡክ የተከፈተው በኦገስት 2022 አሜሪካ ውስጥ ነው፤ በርካታ የአውሮፓ አገሮችም ደርሷቸዋል። ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም።

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል። ያገለገለ ማክቡክ በሻንጣ ከውጭ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። በ2018ና ከዚያ ወዲህ በተሠሩት ላይ የቀድሞው ባለቤት መለያውን ሳያነሣ ከሸጠ ወይም ከላከ፣ እዚህ የተቀበለው ሰው በእጁ የሚይዘው የሚያብረቀርቅ አልሙኒየም ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ቁልፍ ሌባን ለመከላከል የተሠራ ነው፤ ሥራውንም ይሠራል። ግን ሌባንና የእኅት ስጦታን አይለይም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ከነመለያው እንዲወጣ ከፊታችሁ አድርጉት፣ አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አስነሡት። ከውጭ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለም ሰፋ ያለ ሜሞሪ ያለውን እንዲመርጥ አሁኑኑ ንገሩት፤ በኋላ የሚጨመር ነገር የለምና።

የንግድ ሚኒስቴር ሰዎች ይህን ካነበቡ አንድ ጥያቄ አለኝ። ውድ ኤሌክትሮኒክስ አስመጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ከመሸጡ በፊት የትኛው ክፍል እንደሚቀየርና የትኛው እንደተበየደ በአማርኛ ጽፎ ለገዢው እንዲሰጥ ማስገደድ ምን ያህል ይከብዳል? አንድ ገጽ ወረቀት ነው።