ሎን ታምኗታላችሁ?

የዚህ ወር ልብ አንጠልጣይ ልቦለዳችን አንባቢን ለሁለት የከፈለ ነው። እንግሊዛዊቷ ሩት ዌር በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ዘ ዉማን ኢን ካቢን 10» ይባላል። ጋዜጠኛዋ ሎ በአንዲት ትንሽ የቅንጦት መርከብ ስትጓዝ፣ ሌሊት አንድ ከባድ ነገር ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ትሰማለች። የጎደለ ተሳፋሪ ግን የለም፤ የሚያምናትም የለም።

ገሚሱ አንባቢ ትጠጣለች፣ ትነጫነጫለች፣ ታሰለቻለች ይላል። ሌላው ደግሞ ቤቷ ሌባ በገባበት ሰሞን እንዴት ትረጋጋ ብሎ ይሟገትላታል። እኔም መጀመሪያ ሰልችታኝ ነበር። ኋላ ግን አፈርኩ፤ መርከቡ ላይ ያሉትም ያላመኗት በዚሁ ምክንያት ነበርና። መሃሉ ቢንዛዛም መጽሐፉን የወደድኩት ለዚህ ነው።

እናንተስ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው አየሁ ሲላችሁ ታምኑታላችሁ?