አቀንጭራና ማስመሪያ

በገንዳ ውሃ ዙሪያ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ አቀንጭራን ከእኛ ከመምህራኑ አብልጦ ያውቀዋል። ሐምራዊ አበባው ከማሽላው እግር ሥር ብቅ ሲል ጉዳቱ ከመሬት በታች ተፈጽሟል። ዘሩ ከአሥር ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ተኝቶ የሰብል ሥር ይጠብቃል።

«የፊዚክስ መምህር በአረም ምን አገባው?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ያገባኝ በአንድ ማስመሪያ ምክንያት ነው።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ1950 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በወሎንኮሚ ተወለዱ። ከጅማና ከዓለማያ ትምህርታቸው በኋላ በ1978 ከአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ። ከመተማ ማዶ በሱዳን ሲሠሩም ድርቅ የሚቋቋመው ዲቃላ ማሽላ «ሀጂን ዱራ 1» በ1983 ለገበሬ ደረሰ።

ወደ ፐርዱ ተመልሰው ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር አቀንጭራን ሲመረምሩ ግን ጥያቄውን ከፋፈሉት። ማሽላው በማሳ ላይ ለምን ይቋቋማል ከማለት ይልቅ፣ ሥሩ አረሙን የሚቀሰቅስ ኬሚካል ምን ያህል ያመነጫል አሉ። የአቀንጭራን ዘር አጋር በተባለ ለስላሳ ዝልግልግ ነገር ውስጥ በትነው የማሽላ ቡቃያ አስገቡበት። ኬሚካሉ ከሥሩ በራቀ መጠን ይሳሳል፤ ስለዚህ እጅግ ርቆ የበቀለው ዘር ያለበትን ርቀት መለካት በቂ ነበር። ከ10 ሚሊ ሜትር ያነሰ ከሆነ ማሽላው ተስፋ አለው። ዘዴው በ1992 ታተመ፤ «ጎቢዬ» እና «አብሽር» የተባሉት አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችም በኋላ ለአገራችን ገበሬ ደረሱ። ገቢሳ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

ለመሆኑ ተክል ጠላቱን ለምን ይጠራል? ኬሚካሉ በ1966 መጀመሪያ የተገኘው አቀንጭራ ከማይነካው ከጥጥ ሥር መሆኑ እንቆቅልሹን አባብሶት ነበር። መልሱ በ2005 ከጃፓን ተመራማሪዎች መጣ፤ ጥሪው ፎስፈረስ ለሚያቀብሉ የአፈር ፈንገሶች ነው። አቀንጭራ የሰው ግብዣ ሰምቶ የሚመጣ ያልተጠራ እንግዳ ነው። በ2017 የፐርዱ ቡድን ባሳተመው ጥናት መሠረት፣ የሚቋቋመው ማሽላ ጥሪውን አላቋረጠም፤ የጥሪውን ኬሚካል ዓይነት ለወጠ እንጂ።

የማነባቸው የመመረቂያ ጥናት ንድፎች አብዛኞቹ ከመሣሪያ እጦት ይጀምራሉ። እጦቱ እውነት ነው፤ የ2017ቱም ግኝት ያለ ውድ ቤተ ሙከራ አይታሰብም። ነገር ግን ማስመሪያው ቀድሞ ባይመጣ ኖሮ ያ ቤተ ሙከራ ምን እንደሚፈልግ አያውቅም ነበር። በመተማ ማሽላና ጥጥ ሥር የትኞቹ ፈንገሶች እንደሚኖሩ መጠየቅ የሚሻ ተማሪ፣ ሥሩን በፖታሽ አፍልቶ፣ በብዕር ቀለምና በኮምጣጤ አቅልሞ፣ በተራ ማይክሮስኮፕ ፈንገሱን በዓይኑ ማየት ይችላል።