የሐሞት ከረጢት ከወጣ በኋላ፦ ለገጠር ታካሚ የሚሰጠው የመውጫ ምክር በማን ቋንቋ ይነገር?

በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ የሚኖሩት አክስቴ ባለፈው ዓመት ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው። ሕክምናው ያለ እንከን ተፈጸመ፤ በአራተኛውም ቀን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ግን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ከምንጭ አዝለው ሲመጡ የቁስላቸው ጫፍ ተከፈተ። «ከባድ ነገር እንዳያነሱ አልተነገረዎትም ነበር?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ውኃ ምኑ ከባድ ነው? ከባድ ያሉኝ የእህል ጆንያ መስሎኝ» አሉኝ።

ይህን መልስ የአንዲት ያልተማሩ እናት ስሕተት አድርጎ ማለፍ ይቻላል። በኅብረተሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን የምከታተል እንደመሆኔ ግን ስሕተቱ የተናጋሪው እንጂ የሰሚዋ ሆኖ አልታየኝም። የአንድ ቤት ታሪክ ጥናት አይባልም፤ ቢሆንም ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጠው ምክር በታካሚው ቤት ባለ ዕቃ፣ ሥራና ቀን ካልተነገረ እንዳልተነገረ ይቆጠራል የሚለውን አቋሜን ለማስረዳት ይበቃል።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። በአማርኛ ሐሞት የሰውነት ፈሳሽ ብቻ ሳይሆን ወኔም ነው። ፈሪውን ሐሞተ ቢስ፣ ቆራጡን ሐሞተ ኮስታራ እንላለን፤ ወኔው የከዳውንም ሰው ሐሞቱ ፈሰሰ እንላለን። ስለዚህ «ሐሞትዎ ይወጣል» የተባለ የጎጃም ገበሬ የሚሰማው ሐኪሙ ያሰበውን ብቻ አይደለም። አክስቴን ሊጠይቁ ከመጡት ዘመዶች አንዱ ወደ ደጅ ጠርቶኝ፣ «ከእንግዲህ ድንጉጥ ትሆን ይሆን?» ብሎ በሹክሹክታ ጠይቆኛል። ፍርሃቱ ቀልድ አልነበረም።

እውነታው ግን የሚወጣው ከረጢቱ እንጂ ሐሞቱ አለመሆኑ ነው። ሐሞት የሚመነጨው ከጉበት ሲሆን መጠኑም በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ገደማ ይደርሳል። ከረጢቱ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የሚሆነውን ይዞ እያቆየ፣ ቅባት ያለው ምግብ ስንበላ ወደ አንጀት የሚለቅ ማከማቻ ነው። ከረጢቱ ሲወጣ ሐሞቱ ከጉበት በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል፤ አንዳንድ ሰው ለጥቂት ጊዜ ሆዱ ሊነፋ ወይም ሊያስቀምጠው ይችላል፤ አብዛኛው ሰው ግን ያለ ከረጢቱ ዕድሜውን በጤና ይኖራል። ይህን ለአክስቴ ያስረዳሁት በጎተራ መስዬ ነው፤ ጎተራው ቢፈርስ ማሳው ማብቀሉን አያቆምም። እርሳቸውም ከዚያ በኋላ ለጠያቂው ሁሉ፣ ቁስላቸውን በመዳፋቸው ደገፍ አድርገው እየሳቁ፣ «ስልቻውን ነው የወሰዱት፤ ሐሞቴስ አለ» ይሉ ጀመር።

ከረጢቱን ማውጣት አዲስ ሕክምና አይደለም። ካርል ላንገንቡኽ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1882 በበርሊን የመጀመሪያውን አከናውኗል። ከመቶ ዓመት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ የአገሩ ልጅ ኤሪክ ሙሔ በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ መሣሪያ ይህንኑ ሠርቷል። ልዩነቱ ለገበሬ ቤት ትልቅ ነው፤ በትናንሽ ቀዳዳዎች የታከመ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ወደ ቀላል ሥራው ሲመለስ፣ ሆዱ ተከፍቶ የታከመው ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልገዋል። ከትልልቆቹ ከተሞች ውጭ ለሚኖረው ታካሚያችን አሁንም በብዛት የሚደርሰው ሁለተኛው ነው።

እንግዲህ «ስድስት ሳምንት» የሚለውን እንመልከት። አክስቴ ጊዜን የሚቆጥሩት በሳምንት ሳይሆን በበዓል ነው። ከኅዳር ሚካኤል 42 ቀን ቢቆጠር ታኅሣሥ 24፣ ተክለ ሃይማኖት ላይ ይውላል። «እስከ ታኅሣሥ ተክለ ሃይማኖት ውኃ አይቅዱ፣ እንጨት አይሸከሙ፣ ሊጥ ያለበትን ቡሃቃ አያንሱ» ቢባሉ ኖሮ ቀኑን አይስቱትም ነበር። ደግሞም ወቅቱ አጨዳና ውቂያ ነው። ወንዶቹ ለወንፈል ሲወጡ ቤት የቀረችው ሴት ማረፍ ማለት ለሠራተኞቹ እንጀራ አይኖርም ማለት ነው። ምክሩ ለታካሚዋ ብቻ መነገሩ ለዚህ ነው የማይሠራው፤ ባልየውም፣ ምራቲቱም፣ ውኃ የሚቀዳው ልጅም መስማት ነበረባቸው።

የምግቡ ነገር ከዚህም ይወሳሰባል። አክስቴ ሕመማቸው የጀመራቸው ከሁለት ዓመት በፊት በፋሲካ ሌሊት፣ ጾሙን በዶሮ ወጥና በቅቤ በፈቱ በሰዓታት ውስጥ ነበር። ቅባት የበዛበት ምግብ ከረጢቱን ስለሚያኮማትር ጠጠር ያለበትን ሰው ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። እኛ ግን ከደረት በታች የሚሰማን ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ነው፤ አልትራሳውንድ እስኪነሡ ድረስ ሁለት ዓመት የጨጓራ ክኒን ዋጡ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ «ቅባት ይቀንሱ» ተባሉ። ጊዜው የነቢያት ጾም ስለነበር ቤተ ሰቡ ምክሩ በራሱ የተፈጸመ መሰለው፤ ሽሮው ውስጥ የሚንቆረቆረውን የኑግ ዘይት ግን ማንም እንደ ቅባት አልቆጠረውም። በአንጻሩ በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ መብላት የሚገባቸው ሴት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾሙ ነበር። የፈቱት የንስሐ አባታቸው መጥተው «ሕመምተኛ ነሽ፣ ብዪ» ሲሏቸው ነው። የእኒህ ካህን አንድ ቃል ከእኔ የሳምንት ልመና በልጧል፤ ይህንንም በቅናት ሳይሆን በትምህርትነት እጽፈዋለሁ። በሌላ በኩል «ቅቤ ለዘላለም ቀረብዎ» የሚሉ መካሪዎችም ነበሩ። ይህ ልክ አይደለም፤ ብዙ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ቀስ በቀስ እያስለመደ፣ ወደ ቀድሞ ምግቡ ይመለሳል።

ነርሶቹ ጊዜ የላቸውም፣ ወረፋው ረጅም ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ እውነትም ነው። የአክስቴን የመውጫ ወረቀት ግን አይቼዋለሁ፤ ከስማቸው በቀር ሁሉም በእንግሊዝኛ ነበር። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ከማንም ጊዜ አይሻማም። ገጹን ለቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማድረስ ደግሞ ክትትሉን ወደ ቤት ያቀርበዋል፤ ከፒስታ መንገድ ርቆ ለሚኖር ሰው «ችግር ካለ ይመለሱ» የሚለው ቃል የመጓጓዣ ብርና መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ይጠይቃልና። የጤና መድን የሕክምናውን ወጪ ቢሸፍንም የባጃጁንና የባከነውን የሥራ ቀን አይሸፍንም። ስለዚህ በምን ምክንያት መመለስ እንዳለባቸው በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

እኔ ብጽፈው ገጹ እንዲህ ይል ነበር፦ «እናቴ፣ የወጣው ከረጢቱ ነው፤ ሐሞትዎ አለ። እስከ ታኅሣሥ ተክለ ሃይማኖት ከሁለት ጣሳ ውኃ የከበደ አያንሱ፤ ጀሪካኑን ልጅዎ ይያዝ። ከአልጋ ግን ይነሡ፤ በግቢው ውስጥ በየቀኑ ይራመዱ። ሲያስልዎ ቁስሉን በትራስ ይደግፉ። ትኩሳት ከያዘዎ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ እንደ ጠላ ከጠቆረ፣ የሆድዎ ሕመም ከባሰ፣ ከቁስሉም መግል ከወጣ፣ ገበያ ቀን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይምጡ።»