ከጀለቢያችንና ከሴት ልጃችን ልብ የቱ ይበልጥብናል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት አይደለም። ስለ ራሴ ነው። ብዙዎቻችሁ ገና ያላገባችሁ፣ ወይም አግባችሁ የመጀመሪያ ልጃችሁን የምትጠብቁ ወጣቶች ናችሁ። ከእኔ ስህተት ተምራችሁ ከጀመራችሁ አጅሩ ይደርሰኛል ብዬ ነው።

የምኖረው ደነባ ነው። ለማታውቋት፣ ደነባ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ከተማ፣ የሰሜን ሸዋ ደጋ ናት። ስንዴና ምስር የሚበቅልባት፣ ብርዷ ለሱብሒ ውዱእ የሚያደርገውን ሰው የሚፈትን ሀገር ናት። በመስጂዳችን የኢማማችን ረዳት ነኝ፤ ልጆችም አስቀራለሁ። አላህ ሦስት ሴት ልጆች ሰጥቶኛል፤ አልሐምዱሊላህ። ትልቋ ዘጠኝ፣ መካከለኛዋ አምስት፣ ትንሿ ሁለት ዓመቷ ነው።

ሦስት ትናንሽ ሴቶች ያሉበት ቤት ጸጥ ብሎ አያውቅም። ትንሿ አንድ ቀን ስልኬን ስኒ በሚታጠብበት ውሃ ውስጥ ነክራ "አጠብኩልህ" ብላኛለች። ለዒድ የገዛነውን በግ ኮፍያዬን አድርገውለት ያገኘሁበት ቀንም አለ። እንዲህ ዓይነቱን ሳቅ ብዬ አልፈዋለሁ። ያለፈው የዒድ አልፊጥር ዋዜማ ግን አልሳቅኩም።

የዚያን ቀን ከዙህር ጀምሮ መስጂድ ነበርኩ። ዘካተል ፊጥር ስንሰበስብ፣ ስንዴ ስንሰፍር፣ ለየሚስኪኑ ቤት ስናከፋፍል ዋልን። ለአንድ ነፍስ አንድ ሷዕ፣ ማለትም በሁለት እጅ አራት እፍኝ። እያንዳንዱን እፍኝ እንዳይጎድል እየተጠነቀቅኩ ስሰፍር ውዬ፣ ከዒሻእ በኋላ ድካም ይዞኝ ቤት ገባሁ። ቤት ውስጥ ሂና ተበጥብጧል፤ ልጆቹ እጃቸውን ተቀብተው ዘርግተው ተቀምጠዋል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ባለቤቴ ነጩን ጀለቢያዬን በከሰል ካውያ ተኩሳ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። ያንን ጀለቢያ ለመግዛት ወራት ቆጥቤበታለሁ።

መካከለኛዋ ልጄ ድምፄን ስትሰማ ተነሳች። ጀለቢያው ከሚስማሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። እሷም እንዳይቆሽሽብኝ ብላ ሮጣ አነሳችው፤ በሁለቱም እጇ፣ ሂናው ገና እርጥብ ሆኖ። ልክ ደረቱ ላይ ሁለት ትናንሽ መዳፎች ታተሙ።

ምን እንዳልኳት ሁሉንም አልጽፍም፤ አፍራለሁ። ጮህኩባት። "ከዛሬ ጀምሮ ሂና የሚባል ነገር እዚህ ቤት እንዳይገባ!" አልኩ። እሷ አላለቀሰችም። ወደ ጓዳ ሄዳ የእጇን ሂና በውሃ ታጥባ መጥታ ተኛች።

ሲነጋ የእህቶቿ እጅ ጥሩ አድርጎ ቀልቷል። የእሷ እጅ ግን ገና ሳይዝ ስለታጠበ ገርጥቶ ቀረ። "አልሄድም" አለች። እናቷ ለምናት አሮጌ ጀለቢያዬን ለብሼ ይዣቸው ወጣሁ። ወላሂ፣ ስለ ጀለቢያዬ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ግን ከሰላት በኋላ እናቶቻችን እንደ ልማዳቸው ሴት ልጆቹን ሰብስበው "እስቲ እጅሽን አሳዪኝ፣ ማሻአላህ!" ሲሉ አየሁ። ትልቋም ትንሿም እጃቸውን ዘረጉ። መካከለኛዋ እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች። በዒድ ቀን፣ የአምስት ዓመት ልጅ፣ በእኔ ምክንያት እጇን ደበቀች።

ወንድሞቼ፣ ያን ጊዜ የመጣብኝን ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ለደረሶች ያቀራሁት የኡሙ ኻሊድን ሐዲስ ነበር።

ኡሙ ኻሊድ የኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ልጅ ናት። ወላጆቿ ወደ ሀበሻ የተሰደዱ ሙሃጂሮች ነበሩ፤ የተወለደችውም እዚሁ በሀበሻ ምድር ነው። ወደ መዲና የገባችው ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ነው። አንድ ቀን ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልብሶች መጡላቸው፤ ከመካከላቸው አንዲት ጥለት ያላት ትንሽ ጥቁር ልብስ ነበረች። ለማን እንስጣት ብለው ሰሐቦችን ጠየቁ፤ ሁሉም ዝም አሉ። ኡሙ ኻሊድን አምጧት አሉ፤ ታቅፋ መጣች። በገዛ እጃቸው አለበሷት፤ ልብሱን ለብሳ እንድትጨርሰው ዕድሜዋ ይረዝም ዘንድም ዱዓ አደረጉላት። ቀጥለውም ወደ ጥለቱ እያመለከቱ በሀበሻ ቋንቋ "ሰናህ" አሏት፤ ያምራል ማለታቸው ነው። ሱብሃነላህ! "ሠናይ" የምንለው የግዕዙ ቃል የሚያስታውሰን ይህንኑ ነው። የአላህ መልእክተኛ አንዲትን ሕፃን ለማስደሰት እሷ ካደገችበት ሀገር ቋንቋ ቃል ፈለጉላት።

በሌላው ዘገባ ደግሞ ይህችው ልጅ በትከሻቸው መካከል ባለው የነቢይነት ማኅተም መጫወት ጀመረች። አባቷ ተቆጣት። እሳቸው ግን ተዋት አሉት። ሁለቱንም ቡኻሪ ዘግበውታል።

አስቡት። የዚያች ልጅ እጅ ያረፈው በነቢይነት ማኅተም ላይ ነው፤ ተዋት ተባለ። የእኔ ልጅ እጅ ያረፈው በአንድ ጀለቢያ ላይ ነው፤ ቤቱን በጩኸት ሞላሁት። ሐዲሱን አቅርቻለሁ፤ ቤቴ ግን አላስገባሁትም።

አንዳንድ ወንድሞች "ታዲያ ልጅ ዝም ሊባል ነው? ሥርዓት የት ይግባ?" ይሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ልጅ መታረም አለበት። ነገር ግን ሆን ተብሎ የሚፈጸም ጥፋትና ሳይታሰብ የሚደርስ አደጋ አንድ አይደሉም። ውሸትን፣ ስርቆትን፣ እህትን መምታትን እናርማለን። የወደቀ ልብስ ለማንሳት የሮጠች ልጅ ግን መልካም ልትሠራ አስባ ነው እጇ ያበላሸው። ሥራ በኒያ ነው ብለን እያስተማርን የልጃችንን ኒያ ሳንጠይቅ ከፈረድን ምኑን አስተማርን?

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤት እንኳ ዕቃ ተሰብሯል። አንደኛዋ ባለቤታቸው ምግብ በሳህን ስትልክ፣ ሳህኑ የደረሰበት ቤት ባለቤት በቅናት እጇን ሰንዝራ ሳህኑ ወድቆ ተሰበረ፤ እንግዶችም ነበሩ። እሳቸው ስብርባሪውን ራሳቸው ሰበሰቡ፣ ምግቡን መልሰው አደረጉበት፣ እናታችሁ ቀንታ ነው ብለው ለእንግዶቹ ነገሩን አቀለሉት። ከዚያ የተሰበረው ሳህን እዚያው ቀርቶ በምትኩ ደህና ሳህን ለባለቤቱ እንዲሄድ አደረጉ። ይህንንም ቡኻሪ ዘግበውታል። ልብ በሉ፤ ጩኸት የለም፤ ግን የተሰበረውም ተተክቷል። ሥርዓት ማለት ይህ ነው። አነስ (ረ.ዐ) አሥር ዓመት ሲያገለግላቸው አንድም ቀን "ኡፍ" እንዳላሉት ተናግሯል።

እውነቱን ልናገርና፣ የዚያን ቀን ያናደደኝ ሂናው ብቻ አልነበረም። የበጉ ዋጋ ነበር፤ የዘይቱ፣ የልጆቹ ልብስ፣ ያልከፈልኩት ብድር ነበር። የከተማ ወጣቶች ይህን ታውቁታላችሁ። ዒድ ሲደርስ ቤተሰብን ላስደስት ብለን እንጨነቃለን፤ ጭንቀቱ ይጠራቀምና ልናስደስታቸው በደከምንላቸው ልጆች ላይ ይፈነዳል። ልጅቱ ግን የበጉን ዋጋ አታውቅም። የምታውቀው የአባቷን ፊት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በብዙው አካባቢያችን ወንድ ሲወለድ እልልታው ይበዛል፤ ሴት ስትወለድ ያንሳል። ሦስተኛዋ ልጄ ስትወለድ "አይዞህ፣ ቀጣዩ ወንድ ይሆናል" ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ለምንድን ነው የምጽናናው? ማን ሞተብኝ? አላህ በሱረቱ አን-ነሕል የሴት ልጅ ብስራት ሲሰማ ፊቱ የሚጠቁረውን ሰው ወቅሶታል። እኛ ልጅ በሕይወት አንቀብርም፤ ግን ሴት ልጅ በቤቷ ሳለች ቀስ በቀስ "ትርፍ ነኝ" ብላ እንድታስብ የምናደርግ አለን። በሙስሊም ዘገባ እንደመጣው፣ ሁለት ሴት ልጆችን ለአቅመ ሔዋን እስኪደርሱ ያሳደገ ሰው በቂያማ ቀን ከነቢያችን ጋር እንደ ሁለት ጣቶች ይቀራረባል። ይህን የሰማ አባት መጽናናት ሳይሆን እንኳን ደስ አለህ መባል ነው ያለበት።

ይህን ስል የመስጂዳችንንም ጉዳይ አልዘልም። ልጆችን ከሶፍ መካከል ሳባርር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሥራዬም መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ታቅፈው ሰዎችን እያሰገዱ፣ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧት፣ ሲነሱ መልሰው ይይዟት እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የታቀፏት ሴት ልጅ ናት፤ ቦታውም ሰላት ነው። በሰባት ዓመቷ ከመስጂድ ያባረርናትን ልጅ በአሥራ ሰባት ዓመቷ "ለምን ከዲን ራቅሽ?" ብንላት ምን ትመልስልን?

የዒዱ ቀን ከዙህር በኋላ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁና ልጨርስ። የተረፈውን ሂና ራሴ በጠበጥኩ። ሁለት መዳፍ የታተመበትን ጀለቢያ ለበስኩና ልጄን ጠራኋት። "አውፍ በይኝ፤ ትናንት ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። እጇን ተቀብዬ ልቀባት ስጀምር መጀመሪያ ያለችኝ "አባዬ ተጠንቀቅ፣ ጀለቢያህ ይበላሻል" ነው። ባለቤቴ አቀባቤን አይታ "ሊጥ ነው እንዴ የምትለጥፍባት?" ብላ ሳቀች፤ ልጅቱም ሳቀች። ቀለሙ ወጣ ገባ ሆኖ ያዘ። በማግስቱ ግን ለጎረቤት ሁሉ እየዞረች ስታሳይ ዋለች። "አባዬ ነው የቀባኝ" እያለች።

ከዚህ ተነስቼ የምመክራችሁ እነዚህን ነው፦

1. ዕቃ ሲበላሽ ከመናገራችሁ በፊት "ምን ልታደርጊ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ንዴታችሁን ያበርደዋል።

2. ከተሳሳታችሁ ልጃችሁን አውፍ በይኝ በሏት። ክብራችሁ አይቀንስም። አውፍታ መጠየቅን ከእናንተ ካልተማረች ከማን ትማራለች?

3. ለዒድ ከአቅማችሁ በላይ አትውጡ። አነስተኛ ድግስና የሚስቅ አባት፣ ከትልቅ ድግስና ከሚቆጣ አባት ይሻላል።

4. ያላገባችሁ ደግሞ ከታናናሽ እህቶቻችሁ ጀምሩ። በእህቱ ላይ መጮህ የለመደ ወንድ ነገ በልጁ ላይ በምን ይታገሳል?

ጀለቢያው አሁንም አለ። ባለቤቴ በበረኪና ልትሞክረው ፈልጋ ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኳት። ቤት ውስጥ እለብሰዋለሁ። ልቆጣ ስል ደረቴን አያለሁ።

አላህ ሴት ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ፣ ለጀነትም ምክንያት ያድርግልን። በእነሱ ላይ የበደልነውንም ይማረን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ