አትክልቱስ ቀላል ነው፤ ዘይቱስ?

ብዙዎቻችን ክብደት ለመቀነስ ስናስብ መጀመሪያ የምንተወው ሥጋን ነው። «ዛሬ አትክልት ብቻ ነው የበላሁት» ብለን እንረካለን። ግን ድስቱ ውስጥ የገባውን ሁሉ ቆጥረናል ወይ?

እስቲ እናስላው። 100 ግራም የተቀቀለ ጥቅል ጎመን 23፣ ካሮት 35፣ ድንች ደግሞ 86 ካሎሪ ገደማ አላቸው። ሦስቱ ተደምረው 144 ቢሆኑ ነው። አሁን ዘይቱን እንጨምር። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ይሰጣል። ለአንድ ሰው ድርሻ ሦስት ማንኪያ ከገባ 360 ሆነ ማለት ነው። ያ «ቀላል» ምግብ 500 አለፈ፤ እንጀራው ገና አልተቆጠረም!

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አትክልት አብዛኛው ውኃ ነው፤ ዘይት ግን ሙሉ በሙሉ ስብ ነው።

ዘይት ጠላት ነው እያልን አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሸክም ሲሸከም ለሚውል ወንድማችን ያ ጉልበት ያስፈልገዋል። ከካሮት የምናገኘውን ቫይታሚን ኤ ሰውነታችን እንዲጠቀምበትም ጥቂት ስብ ይፈለጋል። ሱቅና ቢሮ ተቀምጠን ለምንውለው፣ ስኳርና ደም ግፊት ላለባቸው እናት አባቶቻችን ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ስለዚህ ዘይቱን ከጠርሙሱ ዝም ብለን አናንቆርቁር፤ በማንኪያ እንለካ። ሽንኩርቱን በውኃ እናቁላላ፤ ዘይቱን ኋላ ጥቂት ጠብ እናድርግ። ይህን ደግሞ ለእናቶቻችንና ለእህቶቻችን ብቻ አንተው። ወንዶችም ማዕድ ቤት እንግባ!